አፍ ማፍታቻ ጨዋታዎቻችን
(በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



የተሰጠን ጊዜ ሃያ ደቂቃ ነው። ከሒሳብ ሪፖርት ቀጥሎ መናገር ቀላል አይደለምና በቅድሚያ ትዕግሥታችሁን እንለምናለን። እንድንናገር የታዘዝነው በየወሩ ከቡናው ጋር ስለምናካሂደው የእንግሊዝኛ ልምምድ ጨዋታ ነው። ባለፈው ስብሰባ ላይ «እድርና እንግሊዝኛ ምን አገናኛቸው? መዋጮው ለቀብር ነው ወይስ ለትምህርት?» የሚል ጥያቄ ተነሥቶ ነበር። ጥያቄው ተገቢ ስለሆነ ከዚያው እንጀምራለን።

እድር በሀገር ቤት ሥራው የታወቀ ነው። ጡሩምባ ነፊው በሌሊት ሰፈሩን ያዳርሳል፤ ድንኳን ይተከላል፤ ንፍሮ ይቀቀላል፤ ጎልማሳው መቃብር ይቆፍራል። ሐዘንተኛው ከማልቀስ በስተቀር የሚጠየቀው ነገር የለም። እዚህ በዋሽንግተን አካባቢ ግን ሐዘንተኛው ገና እንባው ሳይወርድ ይጠየቃል። የሟች ሙሉ ስም ፊደል በፊደል፣ የልደት ቀን፣ የእናትና የአባት ስም፣ አስከሬኑን የሚረከበው የቀብር አስፈጻሚ ድርጅት ማን እንደሆነ፣ ይህ ሁሉ በእንግሊዝኛ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በረዶ በጣለበት አንድ ሌሊት፣ ከአባሎቻችን አንዱ ድንገት ታመው ወደ ሆስፒታል ተወሰዱ። ባለቤታቸውና የ11 ዓመት ልጃቸው አብረው ሄዱ። ለእኛ የተደወለልን ዘግይቶ ስለነበረ፣ መንገዱም አላስኬድ ስላለን፣ የደረስነው ከሁለት ሰዓት በኋላ ነው። ስንደርስ እናትየው ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ልጁ መካከል ላይ ቆሟል። አንዲት ሠራተኛ ወረቀት ይዛ እሱን ትጠይቃለች፤ እሱ ወደ እናቱ ዞሮ በአማርኛ ይናገራል፤ መልሳቸውን ተቀብሎ በእንግሊዝኛ ይመልሳል። የአባቱን መሞት ለእናቱ ያረዳው እሱ ነበር። ሐኪሙ የተናገረውን ግማሹን ተርጉሞ ግማሹ አፉ ላይ ቀረ፤ እናትየው የቀረውን ከፊቱ አነበቡት። ከዚያ ደግሞ «አስከሬኑን ማን ይውሰደው?» የሚለውን ጥያቄም የተረጎመው ያው ልጅ ነው።

ከሠልስቱ በኋላ እናትየው እንዲህ አሉን፦ «እድሩ ገንዘቡን ሰጠኝ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ምግቡም መጣ፣ ሰውም አልተለየኝም። ግን ያን ሌሊት አንዲት ነገር እንኳ መናገር ብችል ኖሮ ልጄ ያንን አይናገርም ነበር።»

ያቺ አንዲት ነገር ሦስት ቃል ናት፦ «አምሃሪክ ኢንተርፕሪተር፣ ፕሊዝ»። አስተርጓሚ ማለት ነው። እዚህ ላይ የራሳችንንም ጥፋት እንናገር። እኛ የእድሩ ሥራ አስፈጻሚዎች ነን ብለን የተቀመጥነው ሰዎች በዚያን ጊዜ ይህ መብት መሆኑን አናውቅም ነበር። በ1964 እ.ኤ.አ. የወጣው የሲቪል መብቶች ሕግ ከፌዴራሉ መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ተቋም ሰውን በትውልድ አገሩ ምክንያት እንዳይበድል ይከለክላል፤ የሆስፒታል የቋንቋ እርዳታም ከዚሁ የመጣ ነው። በ2016 የወጣው የፌዴራል የጤና ደንብ ደግሞ፣ ድንገተኛ አደጋ ካልሆነ በስተቀር፣ ልጅን አስተርጓሚ ማድረግን ከልክሏል። የዋሽንግተን ከተማም በ2004 ባወጣችው የቋንቋ ሕግ አማርኛ የከተማዋ መሥሪያ ቤቶች ሰነድ ከሚተረጉሙባቸው ቋንቋዎች መካከል ገብቷል። ሕጉ ይህን ያህል ተጽፎ ሳለ እኛ ቃሉን አጥተን ቆመን ነበር። እንግዲህ እድርና እንግሊዝኛን ያገናኛቸው ይኸው ነው።

ትምህርት ቤት አልሞከራችሁም እንዳንባል፣ ሞክረናል። የማታ ትምህርት ተመዝግበን ሦስት ሳምንት ሄደናል። ግማሾቻችን የሌሊት ተረኛ ነን፤ በፓርኪንግ፣ በሆቴል፣ በአረጋውያን መጦሪያ፣ በታክሲ ውለን ወይም አድረን የምንመጣ ነን። አስተማሪዋ ደግ ሴት ነበረች። መጽሐፉ ግን ሌላ ዓለም ነው። በመጽሐፉ ውስጥ ያለው ሰውዬ ሁልጊዜ ለሽርሽር ወደ ባሕር ዳርቻ ይሄዳል፤ ከእኛ ውስጥ ለሽርሽር የሚሄድ አንድ ሰው አልተገኘም። ስለዚህ ተበተንን። በኋላ ጨዋታውን የጀመሩት ሴቶቹ ናቸው፤ እኛ ወንዶቹ የገባነው ቡናው ሸቶን ነው ቢባል ሐሰት አይሆንም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ለወሩ አንድ ቀላል ሥራ ይሰጣል፤ ሥራውም በየቀኑ ከቤት ውጭ የሚደረግ ነው። በአቦሉ እያንዳንዱ ሰው የደረሰበትን በእንግሊዝኛ ይናገራል። በቶናው ጨዋታ እንጫወታለን። በበረካው እንግሊዝኛ ክልክል ነው፤ ሰው እንደ ሰው ይጫወታል። ያጠፋ ሰው ሃያ አምስት ሳንቲም ስኒ ውስጥ ይጥላል። እድር ቅጣት መቼም አይጠፋበትም! ገንዘቡም የሚውለው ለቡናና ለስኳር ነውና ገንዘብ ያዣችን አይስጉ።

ከሁሉ የጠቀመን «የስ ጾም» ያልነው ነው። እንደምታውቁት እኛ ይሉኝታ ያጠቃናል። ሰው ሲያናግረን ያልገባንን «አልገባኝም» ማለት ነውር ይመስለንና «የስ፣ የስ» እንላለን። ከመካከላችን አንዲት እኅት በስልክ መደብር «የስ፣ የስ» ስትል ቆይታ ሦስት ወር ሙሉ የማታውቀውን ኢንሹራንስ ስትከፍል ኖራለች። ሌላዋ ደግሞ በምን እንደፈረመች ሳታውቅ ፈርማ መጥታለች። ስለሆነም በሳምንት ሁለት ቀን «የስ» የሚለውን ቃል እንጾማለን። እንዳይረሳ ረቡዕና ዓርብ አደረግነው፤ ሙስሊም አባሎቻችን ሰኞና ሐሙስን መረጡ። በጾሙ ቀን ሰው አንድ ነገር ሲነግርህ «የስ» በማለት ፈንታ የሰማኸውን በራስህ አፍ መልሰህ ትጠይቃለህ።

በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ጋሼ መድኃኒት ሊያወጡ ሄዱ። ባለ መድኃኒቱ ተናገረ። ጋሼ እንደ ልማዳቸው ራሳቸውን ሊነቀንቁ ሲሉ ጾሙ ትዝ አላቸውና «ሶ፣ ቱ ታይምስ ኤ ዴይ፣ ዊዝ ፉድ?» አሉ፤ በቀን ሁለት ጊዜ ከምግብ ጋር ነው ወይ ማለታቸው ነው። ሰውዬው «ኖ» አለ። በቀን አንድ ጊዜ፣ ሁለት ፍሬ፣ ያውም በባዶ ሆድ ነበር። ጋሼ በዚያ ቀን ባይጾሙ ኖሮ የሚውጡት በተሳሳተ መንገድ ነበር። ይህን በአቦሉ ሲነግሩን የሳቀም ነበር፣ ዝም ያለም ነበር። ከመካከላችን ስንቱ ስንት ዓመት «የስ» እያለ መድኃኒት እንደዋጠ ማን ያውቃል?

ከዚሁ ጋር የሚሄድ አንድ ነገር አለ። እኛ «አዎ» ለማለት ትንፋሻችንን ወደ ውስጥ ሳብ የማድረግ ልማድ አለን። ፈረንጁ ይህን አያውቅም፤ የደነገጥን ይመስለዋል። አንዲት እትዬ የደም ግፊታቸውን የምትለካ ነርስ ስትጠይቃቸው እየደጋገሙ እንዲህ ቢመልሱላት፣ «ሲተነፍሱ ያምዎታል?» ብላ ሐኪም ልትጠራ ተነሣች። አሁን ልማዱን ለመተው ሳይሆን፣ ማንን ስናናግር እንደምናደርገው ለመለየት እየተለማመድን ነው።

ሁለተኛው የስም ጨዋታ ነው። በስልክ ስምን ፊደል በፊደል ማስጻፍ እንደ ቀላል ይታያል፤ ሞክሩት። ቢ፣ ፒ፣ ዲ፣ ቪ በስልክ ላይ አንድ ናቸው። ፈረንጆቹ ራሳቸው እንዳይሳሳቱ «ቢ አዝ ኢን ቦይ» እያሉ በሚታወቅ ቃል ይለያሉ። እኛም ለየስማችን ቃል እንድንመርጥ ሥራ ተሰጠ። ስማቸው በ«ጥ» የሚጀምር አንድ አባት «ቲ አዝ ኢን ጤፍ» ብለው መጡ። ፈረንጅ ጤፍን አያውቅም፣ ሌላ ቃል ፈልጉ ብንላቸው እምቢ አሉ። በማግስቱ ለመብራት ጉዳይ ሲደውሉ ያንኑ ተናገሩ። በወዲያኛው በኩል ያለችው ሴትዮ «ጤፍ ምንድን ነው?» አለቻቸው። እሳቸውም ስለ ጤፍ፣ ስለ እንጀራ፣ ስለ እርሾ አስረዷት። በእንግሊዝኛ ያን ያህል ረጅም ጊዜ ተናግረው እንደማያውቁ የነገሩን ራሳቸው ናቸው። እኛም ተሸንፈን ሃያ አምስት ሳንቲማችንን ጣልን።

ስለ «ፒ» ካነሣን አንድ ዘዴ እንጨምር። በአማርኛችን «ፐ» እንግዳ ፊደል ነው፤ ብዙዎቻችን «ብ» እናደርገዋለን። ቀጭን ወረቀት ከአፋችሁ ፊት ያዙና «ፔፐር» በሉ። በመጀመሪያው ፊደል ወረቀቱ ከተንቀሳቀሰ ፈረንጅኛ ሆኗል፤ ካልተንቀሳቀሰ ገና ነው። ልጆቹ ይህን ጨዋታ በጣም ይወዱታል፤ ለምን ቢባል እኛ ስንሸነፍ ስለሚያዩ ነው።

የሰዓቱ ነገር ደግሞ ቋንቋ ብቻ ሳይሆን ቁጥርም ነው። አንዲት እትዬ ለዓይናቸው ምርመራ ሦስት ሰዓት ላይ ቀጠሮ ተያዘላቸው። እሳቸው በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት፣ ማለት በእነሱ 9 ሰዓት፣ ተገኙ። ቀጠሮው ከቀትር በኋላ በእነሱ 3 ሰዓት ነበር። ስድስት ሰዓት ሙሉ ተቀምጠው ጠበቁ፤ «ለምን አልጠየቁም?» ብንል፣ «ይጠሩኛል ብዬ» አሉ። አሁን ቀላል መላ አግኝተናል። ባለ እጁን የግድግዳ ሰዓት ተመልከቱ። እነሱ የሚሉት ቁጥር ትይዩ ያለው ቁጥር የእኛ ነው፤ የ3 ትይዩ 9፣ የ4 ትይዩ 10፣ የ12 ትይዩ 6 ነው። ጨዋታው፣ አንድ ሳምንት በቤት ውስጥ ስንት ሰዓት ነው ለሚል ሁሉ በእነሱ ቁጥር መመለስ ነው። ሌሊቱን ተጠንቀቁ። እኛ «ለረቡዕ አጥቢያ» የምንለውን እነሱ ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ረቡዕ ይሉታል። የረቡዕ 12፡30 አውሮፕላን ሌሊት የሚነሣ ከሆነ ከቤት የሚወጣው ማክሰኞ ማታ ነው። በዚህ የተነሣ አውሮፕላን ያመለጠው አባል በዚህ አዳራሽ ውስጥ አለ፤ ስሙን አንጠራም።

የቀን መቁጠሪያውም የእድሩ ጉዳይ ነው። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ድረስ በእኛና በእነሱ ዓመት መካከል ያለው ልዩነት 7 ነው፤ ከዚያ ወዲህ ግን 8 ይሆናል። ጥር 1950 የተወለደ ሰው በእነሱ 1958 ተወለደ ማለት ነው። አንዱ ወረቀት 1950፣ ሌላው ወረቀት 1958 ሲል የሟች ወረቀት ሲንከራተት አይተናል። ደግሞም አሜሪካኖች ወርን ከቀን ያስቀድማሉ፤ 5/7 ሲሉ ሜይ 7 ነው እንጂ ጁላይ 5 አይደለም። ስለዚህ እያንዳንዱ አባል የራሱንና የቤተ ሰቡን የልደት ቀን በእንግሊዝኛ አፉ ሳይደናቀፍ እንዲናገር በቶናው ላይ እንጠይቃለን። ከዚህ ያለፈ ለሚፈልግ፣ ጳጉሜን ለሥራ ባልደረባው በሦስት ደቂቃ እንዲያስረዳ ይታዘዛል። ፈረንጅ አሥራ ሦስት ወር ሲሰማ ጥያቄው አያልቅምና ልምምዱ አያልቅም።

የገበያው ጨዋታ ሕጉ አንድ ነው፦ በጣት ማሳየት ክልክል ነው። ስሙን የማታውቀውን ዕቃ በቃል ገልጸህ ትገዛለህ። አንዲት እኅታችን ወንፊት ለመግዛት ሄዳ «ጉድ ፍላወር ጎ ዳውን፣ ባድ ስቴይ አፕ» አለች፤ ደህናው ዱቄት ይወርዳል፣ እንክርዳዱ ከላይ ይቀራል ማለቷ ነው። ልጁ ይዟት ሄዶ አበባ ከሚሸጥበት አቆማት። ለካስ በእንግሊዝኛ ዱቄትና አበባ ሲጽፉት ይለያያል እንጂ ሲናገሩት አንድ ነው! እሷም አልተሸነፈችም። «ኖት ቢውቲፉል ፍላወር፣ ብሬድ ፍላወር» ብላ ወንፊቷን ይዛ ወጣች። ሰዋስው የለበትም ለሚል ሰው መልሳችን ወንፊቱ ነው።

እዚህ ላይ ከዓረብ አገር የመጡ እኅቶቻችንን ሳናመሰግን አናልፍም። በቤሩት፣ በጅዳ፣ በዱባይ በሰው ቤት ሠርተው የመጡት ከእኛ ይልቅ ደፋሮች ናቸው። ያለ መጽሐፍ፣ ያለ አስተማሪ ዓረብኛን የተማሩት በየቀኑ ማእድ ቤት ውስጥ ነው። ዘመድ የሆነውን ቃል መያዝ ነው መንገዱ ይላሉ። ቤት «በይት» ነው፣ ስም «ኢስም» ነው፣ ደም ያው «ደም»፣ ዓይንም ያው «ዓይን» ነው። ሆኖም ግን ዘመድም ያሳስታል። አንዷ አሠሪዋ «ተማንያ» ስትላት ሰማንያ መስሏት ሰማንያ ሳህን መደርደር ጀመረች፤ ስምንት ማለቷ ነበር። እንግሊዝኛ እንዲህ ያለ ዘመድነት የለውም። ሆስፒታልና ዶክተርን የመሳሰሉት ቢኖሩም አነጋገራቸው ተለውጦ እንግዳ ይሆኑብናል። እነዚህ እኅቶች የሰጡን ትልቁ ነገር ግን ቃል ሳይሆን ድፍረት ነው። «በሰው አገር ያሳፈረኝ አለመናገር እንጂ ተሳስቶ መናገር አልነበረም» ያለችውን እኅት ሁላችሁም ታውቋታላችሁ።

አሁን ወደ ከባዱ እንመለስ። በቶናው ላይ በየሦስት ወሩ የአደጋ ልምምድ እናደርጋለን። አንዱ የ911 ሠራተኛ ይሆናል፣ ሌላው ይደውላል። እኛ ስንደነግጥ ከታሪኩ እንጀምራለን፤ «ትናንትና ማታ እራት በልቶ ሲያበቃ...» እንላለን። መጀመሪያ የሚነገረው ግን አድራሻው ነው፤ ስልኩ ቢቋረጥ እንኳ የት እንዳላችሁ ይታወቃልና። ቀጥሎ የሆነው ነገር በአንድ ቃል፤ ከዚያ «አምሃሪክ» ማለት። ብዙዎቹ የ911 ማዕከሎች በስልክ አስተርጓሚ ያገናኛሉ፤ ስልኩን አለመዝጋት ብቻ ነው። አንድ ጋሼ «እውነተኛውን ደውለን ብንሞክረውስ?» ብለው ነበር። አይሆንም ጋሼ፣ በሕግ ያስጠይቃል። በስሕተት የደወለም ሰው ቢሆን ዘግቶ መሸሽ የለበትም፤ «ሚስቴክ» ብሎ ማስረዳት አለበት።

የልጆችን ነገር በተመለከተ በመካከላችን ክርክር ነበር። አንዳንዶቻችን ልጆች ቋንቋውን ስለሚያውቁ እነሱው ያስተምሩን አልን። ሌሎች ደግሞ ትላልቅ ሰዎች በልጅ መታረም ይከብደናል አሉ። በመጨረሻ የተስማማነው እንዲህ ነው። ልጅ በቤት ውስጥ በቀን አሥር ደቂቃ አስተማሪ ሊሆን ይችላል፤ በሚቀጥለው አሥር ደቂቃ ደግሞ አያቱ ወይም እናቱ አማርኛውን ያርሙታል። የተሳሳተ ሁሉ፣ ልጅም አዋቂም፣ ሃያ አምስት ሳንቲሙን ይጥላል። በሆስፒታል፣ በፍርድ ቤት፣ በቀብር አስፈጻሚ ድርጅት ግን ልጅ አያስተረጉምም። ይህንን ሥራ አስፈጻሚው ባለፈው ዓመት በቃለ ጉባዔ አስፍሮታል። በአስተያየታችን ከድንኳኑና ከወንበሩ ግዢ ይልቅ ትልቁ ውሳኔ ይኸው ነው፤ የማይስማማ ካለ በውይይቱ ጊዜ ይናገር።

ያ ልጅ አሁን አድጓል፤ አንዳንድ ጊዜ ከእናቱ ጋር ቡናው ላይ ይመጣል። በአደጋው ልምምድ የሆስፒታል ሠራተኛ ሆኖ እንዲጫወት ጠይቀነው እምቢ አለ። መጠየቃችንም ስሕተት ነበር። አሁን የደቂቃ ቆጣሪ እሱ ነው፤ ሰዓት ይዞ «ጊዜ አልቋል» ይለናል፣ ለማንም አያዳላም። እናቱ ባለፈው ወር ለጉልበታቸው ሆስፒታል ሄደው ነበር። ብቻቸውን ነው የሄዱት። ሦስቱን ቃላት ተናገሩ። ሠራተኛዋ «ልጅ ወይም ዘመድ የለዎትም?» ብላ ጠየቀቻቸው። እሳቸውም «አይ ሃቭ። ባት አይ ዋንት ኢንተርፕሪተር» አሉ። አርባ ደቂቃ ጠበቁ፤ ከዚያ በስልክ አንድ አማርኛ ተናጋሪ ተገናኘላቸው። በአቦሉ ላይ ይህንን ሲነግሩን «ዋንት» የሚለውን ቃል አጠንክረው ነበር የተናገሩት። «ቱ» የጎደለ መስሎት ሊያርማቸው የሞከረ ሰው ነበረ፤ ስኒው ወደ እሱ ተገፋ።

የሚቀጥለው ወር ሥራ የስልክ ነው። እያንዳንዱ አባል በሳምንት ሁለት ጊዜ ወደ አንድ ሱቅ ደውሎ ስንት ሰዓት እንደሚዘጋ ይጠይቃል፤ መልሱን መልሶ ይናገራል፤ አመስግኖ ይዘጋል። አዲስ የሚገቡ አባሎች የመመዝገቢያውን ፎርም ሲሞሉ ሦስቱን ቃላት በጸሐፊያችን ፊት ይናገራሉ። ቡናው እንደተለመደው በወሩ ሁለተኛ እሑድ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነው፤ በእነሱ 3 ሰዓት ማለት ነው። ስኒውን እትዬ ያመጣሉ፤ ሳንቲም ይዛችሁ ኑ።